ፓን ዜኖን፣ ሐሙስ ሐሙስ

ለጎብኚ በተከፈተ የጨው ማዕድን ጉድጓድ ሁሉ፣ ድሮ ደመወዝ እየተከፈለው ይወርድበት የነበረውን ዛሬ ትኬት ቆርጦ የሚወርድበት አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። የእኛ የቪየሊችካው ክቡርነታቸው ፓን (በእኛ ቋንቋ አቶ ማለት ነው) ዜኖን ናቸው፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ጨው ቆራጭ፣ የሰባ ስድስት ዓመት ጎልማሳ፣ የእኔ የአስጎብኚዋ የዶሮታ የሐሙስ ፈተና።

እንደ ሰው ዝም ብለው ቢሰሙ ምን ነበረበት! ገና የእንጨቱን ደረጃ መውረድ ስንጀምር "ማን ነገረሽ?" ይጀመራል። ጥንት የማዕድኑ ባለቤት ስለነበረው ንጉሥ ሳወራ "ማን ነገረሽ?"፣ ከምድር በታች ጨው ይጎትቱ ስለነበሩት ፈረሶች ሳወራ "ማን ነገረሽ? ስማቸውን እንኳ አታውቂ!" አንድ ቀን የደረጃውን ብዛት ብናገር፣ ቡድኑን ሁሉ ወደ ላይ መልሰው እንደገና ሊያስቆጥሩት ነበር።

ግድግዳ የሚልስ ጎብኚ መቼም አይታጣም። እኔ ልከለክል አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ ይወስዱታል። "እዚያ አትላስ፣ አገር ምድሩ የላሰው ነው! ይልቅ ይቺን ቅመሳት። እህ፣ እንዴት ናት?" ሰውየው ፊቱን ጭምድድ አድርጎ "ጨው ጨው ትላለች" ሲል፣ እሳቸው የጋገሩት ይመስል ደረታቸውን ይነፋሉ።

እዚያው ከምድር በታች ካለው ጸሎት ቤት አለፍ ብሎ አንድ የተቆለፈ በር አለ። እዚያ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ይለወጣል። ከወንድማቸው ከሟቹ ሉድቪክ ጋር ዘጠኝ ዓመት የሠሩበት ክፍል ነው። ከጨው የጠረቡት መቀመጫ ነበራቸው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዳቦ በአሳማ ስብ ይበሉበት ነበር።

"ልጄ፣ አንዴ ክፈቺልኝ። አየት አድርጌው ልውጣ።"

"ክልክል ነው፣ ፓን ዜኖን።"

"ይሁን" ብለው ይከተሉኛል። በየሳምንቱ አንጀቴን ይበሉት ነበር።

ባለፈው ወር ጉልበታቸው እምቢ አለ። ልጃቸው ወደ ግዳንስክ፣ ባሕር ዳር ልትወስዳቸው ሆነ። "እዚያም ጨው አለ ትለኛለች። ውኃ ውስጥ የሟሟ ደግሞ ጨው ነው እንዴ!" የቀራቸው አንድ ሐሙስ ብቻ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አለቃዬን ደጅ ጠንቼ ቁልፉን አገኘሁ። በሩ ጋ ስንደርስ ቡድኑን አሳልፌ "ይኸው፣ ይክፈቱት" አልኳቸው።

ቁልፉን አልተቀበሉኝም። "መልሺው፣ ልጄ።"

"ስንት ለምኜ ያመጣሁትን!"

"ውስጡ አሸዋ ነው። ጣሪያው ሲያሰጋ ሙሉት ተባልን፤ መቀመጫችንን በገዛ እጄ ቀበርኩት።"

"ታዲያ በየሳምንቱ ክፈቺልኝ የሚሉኝ?"

"ክልክል ነው ስትይኝ፣ ሉድቪክ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ ይመስለኛላ።"

ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና እንደ ደንቡ ከለከልኳቸው። አመሰገኑኝ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል። እንዴት እንደናፈቁኝ! ባለፈው ሳምንት ሆን ብዬ የንጉሡን ስም አሳሳትኩና ቆም ብዬ ጠበቅሁ። ሠላሳ አምስቱም ጎብኚዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁልኝ።