ዋጋ ጠርቶ ዝም ማለት

[ጠባብ የኪራይ ክፍል። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ጥግ ላይ የቆመ ካሜራ። ሊቁ የወር ደመወዙን ጥሎ የቪዲዮ ድርጅት ካቋቋመ ወዲህ ራሱን ሥራ አስኪያጅ ብሎ ሾሟል። "ሊቁ" ያሉት የድሮ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሙገሳ መስሎት እስካሁን ያመሰግናቸዋል። አማች የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ካሜራ ይሸከማል፣ ገመድ ይጠቀልላል፣ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። እንደዚያ የሚለው ሊቁ ብቻ ነው። የድርጅቱ የመጀመሪያ ደንበኛ፣ የፍራሽ ፋብሪካ ባለቤት የሆኑ ሴትዮ፣ ማስታወቂያ ለማሠራት እየመጡ ነው፤ ሊቁ የሚጠራላቸውን ዋጋ ይደምራል።]

አማች፦ እኔ የምለው ጋሼ፣ ያንተ ፀጉር መቆረጥ የሴትየዋ ፍራሽ ላይ የሚደመረው በምን ሂሳብ ነው?

ሊቁ፦ የድርጅት ወጪ ነዋ! ተንጨባርሬ ደንበኛ ፊት ልቅረብ?

አማች፦ እሺ ይሁን። ጫማህን ያስጠረግከውስ?

ሊቁ፦ ወጪ።

አማች፦ ምሳችንስ?

ሊቁ፦ የእኔ ምሳ ወጪ ነው። ያንተ ምሳ የግል ጉዳይህ ነው።

አማች፦ ካሜራውስ?

ሊቁ፦ የቱ ካሜራ?

አማች፦ ይሄ የምንቀርፅበት። ኪራዩን አልደመርከውም እኮ።

ሊቁ፦ [ካሜራውን ገና ዛሬ እንደተዋወቀው ሰው እያየ] እሱን... መጨረሻ ላይ ልጨምረው ነበር። በቃ፣ ሠላሳ ሺህ! አለቀ፣ ደቀቀ!

አማች፦ እህቴ ግን ሃያ ሺህ ብታገኙም ይበቃል ብላለች። ከዚያ በታች ይዛችሁ ከመጣችሁ ካሜራውን ለባለቤቱ መልሱ፣ ጋሼም ነገ ጠዋት የድሮ አለቃው ቢሮ ሄዶ ይለምን ነው ያለችው።

ሊቁ፦ እኔ? ያንን ሰውዬ? ሞቼ ነው ቆሜ! ስማኝ፣ ዋጋ ማውጣት ሂሳብ እንዳይመስልህ። ሥነ ልቦና ነው። ዋጋህን ትጠራለህ፣ ከዚያ ዝም። መጀመሪያ የተናገረ ተሸነፈ።

አማች፦ ምን ብሎ የተናገረ?

ሊቁ፦ ምንም ብሎ!

አማች፦ "ውኃ ስጡኝ" ቢልስ?

ሊቁ፦ ተሸነፈ።

አማች፦ ቢያስነጥሰውስ?

ሊቁ፦ [ያስብበታል] እንደ አስነጣጠሱ ነው። በል እንለማመድ፤ አንተ ደንበኛ ነህ። "እመቤቴ፣ ዋጋችን ሠላሳ ሺህ ነው።"

[ዝምታ። ሊቁ የአማች ግንባር ላይ ያፈጣል። አማች ጣሪያ ያያል፣ ጥፍሩን ያያል፣ ይጨንቀዋል።]

አማች፦ ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ?

ሊቁ፦ [ጠረጴዛውን እየመታ] ተሸነፍክ! ሠላሳ ሺህ አምጣ!

አማች፦ ከየት አባቴ ላምጣ? ለምሳዬ እንኳን...

ሊቁ፦ አየህ እንዴት እንደሚሠራ? ሌላው ደግሞ ዓይን ነው። የደንበኛ እጅ አይታይም፣ ቦርሳ አይታይም። እጅ እጅ የሚያይ የቸገረው ሰው ነው። እኔ የማየው ግንባር ብቻ ነው። ሰው የሆዱን የሚጽፈው ግንባሩ ላይ ነው። አንተ ደግሞ ከገቡ ጀምሮ እስኪወጡ ትንፍሽ እንዳትል። ጣሪያው ቢቃጠል እንኳን! ምን አልኩህ?

[አማች ዝም።]

ሊቁ፦ ምን አልኩህ እኮ!

[አማች ዝም።]

ሊቁ፦ ገና አልመጡም እኮ፣ አንተ ድንጋይ!

አማች፦ እኔ ምን አውቄ።

[በር ይንኳኳል። ሊቁ ሥራ የበዛበት ለመምሰል ተሽቀዳድሞ ጀርባውን ይሰጥና ያልበራ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል። አማች በሩን ይከፍታል። ባለፍራሿ ጉንጫቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ቆመዋል። አፋቸውን በመከራ ከፈት አድርገው የነከሱትን ጥጥ በጣታቸው ያሳዩታል። አማች የራሱ ጥርስ የተነቀለ ይመስል ፊቱ ጭምድድ ይላል፤ "እግዜር ይማርዎት" ሊል ይከጅልና፣ ትእዛዙ ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ይይዛል።]

ሊቁ፦ [ዞሮ] እንኳን ደህና መጡ እትዬ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። መቼም ሥራችንን ሰምተው ነው የመጡት። እኔ ማንዛዛት አልወድም። ዋጋችን ሠላሳ ሺህ ነው።

[ዝም ይላል። ባለፍራሿ በእሺታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቦርሳቸውን ከፍተው ጭናቸው ላይ ገንዘብ ይቆጥራሉ። አማች ከጎን ያያል። ሊቁ ዓይኑን ከግንባራቸው አልነቀለም።]

ሊቁ፦ [ለራሱ] ነቀነቁ። እሺ ያሉ መስሎኝ እንድዘናጋ ነው። ይሄን የነጋዴ ተንኮል እኛ እናውቀዋለን!

[ባለፍራሿን ድዳቸውን ይጠዘጥዛቸዋል። ግንባራቸው ይኮማተራል።]

ሊቁ፦ [ላቡን እየጠረገ] መቼም ሠላሳ ስል... ለማያውቁት ሰው ነው። ለእርስዎ ሃያ አምስት።

[ባለፍራሿ በመገረም ያዩታል። ከቆጠሩት ላይ አምስት ሺህ ቀንሰው ወደ ቦርሳ ይመልሳሉ። አማች ተስፈንጥሮ ይነሳል።]

ሊቁ፦ ቁጭ በል አንተ! ሃያ ይሁን እትዬ፣ ሙዚቃውን በነፃ!

[አማች ሁለት እጁን ያወናጭፋል፣ ወደ ጉንጩ ይጠቁማል፣ ወደ ቦርሳው ይጠቁማል።]

ሊቁ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የባለቤቴ ወንድም ነው። ትንሽ ልጅ ሆኖ ወድቋል።

[ባለፍራሿ መሳቅ ይዳዳቸውና ሲያማቸው ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው "እህህ" ይላሉ።]

ሊቁ፦ እህህ? ገባኝ እትዬ፣ ገባኝ! አሥራ ሁለት! ፍራሹንም ከሰማይ በድሮን እንቀርፀዋለን!... አሁንም ግንባርዎ አልተፈታም? ስምንት! ለተዋናይም አይከፍሉም፤ ይሄ አማቼ ይተኛበታል። እንቅልፍ ላይ የተዋጣለት ነው!

[ሕመሙ ይጠናባቸዋል። ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።]

ሊቁ፦ ኧረ እንዳያለቅሱ! አምስት! አምስት ሺህ እትዬ! ከዚህ ከወረድኩ የማለቅሰው እኔ ነኝ!

[ባለፍራሿ ይነሳሉ። አምስት ሺህ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፤ የወፈረው ብር ተመልሶ ቦርሳቸው ውስጥ ነው። ሊቁን ይጨብጡታል፤ ለአማች አዝነውለት ትከሻውን ቸብ ያደርጉትና ይወጣሉ።]

ሊቁ፦ [ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ] ተገላገልኩ! ግን እጅ በእጅ አስከፈልኳቸው፣ አየህ? ደግሞ ምን ዓይነት ሴት ናቸው? እኔን! እኔን እንደዚያ የሚያስለፈልፍ ዝምታ! የት ተምረውት ይሆን?

[አማች ዝም።]

ሊቁ፦ ወጥተዋል እኮ፣ ተናገር።

[አማች መስኮት ከፍቶ ወደ ታች ያያል። ባለፍራሿ መኪና ውስጥ መግባታቸውን አረጋግጦ ይዘጋዋል።]

አማች፦ ጥርስ ሐኪም ቤት።

ሊቁ፦ ምን?

አማች፦ አሁን ጥርሳቸውን ተነቅለው ነው የመጡት። በር ላይ ጥጡን አሳዩኝ። ሠላሳ ስትል እሺ ብለው፣ ሠላሳውን ጭናቸው ላይ ቆጥረው ይዘውልህ ነበር። አንተ አንድ በወረድክ ቁጥር ወደ ቦርሳ ይመልሱታል። ሴትየዋ እኮ ዝም ብለው ቆጣሪ ነው የሆኑልህ።

ሊቁ፦ [ተነስቶ፣ ተቀምጦ፣ እንደገና ተነስቶ] ሠላሳውን? ጭናቸው ላይ? አንተ እያየህ?

አማች፦ እኔ እጅ ማየት አልተከለከልኩም።

ሊቁ፦ ታዲያ አትናገርም ነበር፣ አንተ የማትረባ!

አማች፦ ጣሪያው ቢቃጠል እንኳን አልከኝ። ጣሪያውን አየሁት፣ ደህና ነው። ደግሞ መጀመሪያ የተናገረ ይሸነፋል ያልከኝ ራስህ ነህ። አንተ እየተሸነፍክ፣ እኔን ልትጨምር ነው?

[የአማች ስልክ ይጠራል።]

ሊቁ፦ [ፊቱ አመድ መስሎ] እሷ እንዳትሆን!

አማች፦ [አንስቶ] አቤት እህቴ... አዎ፣ ሄዱ... ከፈሉ አዎ... እሱ ይንገርሽ። [ስልኩን ያቀብለዋል።]

ሊቁ፦ [ስልኩን በእጁ አፍኖ፣ በሹክሹክታ] ምን አለች?

አማች፦ "ስንት?" አለችና ዝም አለች።

ሊቁ፦ [ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ይቆማል። የሚያየው ግንባር ስላጣ ግድግዳውን ያያል። ከዚያኛው ጫፍ ትንፋሽ እንኳን አይሰማም። ላቡ ይወርዳል።] ሠላሳ ነው ፍቅሬ... ማለቴ፣ ሃያ አምስት...