አያ ጥላዬን የማስቀመጥ ኃላፊነት

ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ የተቀመጠና ሊሄድ የተነሣ። ሁለተኛውን አላውቅም የሚል ካለ ጎረቤት የለውም ማለት ነው። ቤታችሁ ይገባል፣ «እንደምን ሰነበታችሁ» ይላል፣ መልሱን ሳይሰማ «በሉ እንግዲህ ልሂድ» ይላል። ወንበር ብታቀርቡለት መደገፊያውን ይይዛል እንጂ አይቀመጥበትም። ውሃ ብትሰጡት ቆሞ ይጠጣል፤ ብርጭቆውን የሚመልስላችሁ ከበሩ ውጭ ሆኖ ነው።

ለእኛ ለኪርያት ኖርዳው ሰፈር ሰዎች የደረሱን አያ ጥላዬ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው። በፕላስቲክ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ቆመው ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ መቆሙን ግን ጡረታ አላወጡትም። እኔ በሆዴ «ደጃዝማች» እላቸዋለሁ። ሹመቱ የጦር አይደለም፣ የደጅ ነው፤ በየትኛውም ድግስ ሰፍረው የሚገኙት በር አጠገብ ነውና። «እንሂድ» ሲሉ የሚሰማቸው ሰው ባይኖር እንኳ ለራሳቸው ይሉታል።

በኩፓት ሆሊም፣ በጤና መድኑ ክሊኒክ፣ ወረፋቸው ሦስት ሰው ሲቀረው ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ሐኪሟ በስም እንጂ በመልክ አታውቃቸውም። የእህቴ ልጅ ስትዳር ሙሽሮቹን የመረቋቸው መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ገና ከመኪናው ሲወርዱ ነው። «መጣሁ፣ መረቅሁ፣ ምን ቀረ?» አሉኝና ሄዱ። አውቶቡሱ ባዶ ቢሆን እንኳ ከኋለኛው በር አጠገብ ቆመው ነው የሚሄዱት፤ የሚወርዱትም ከሰፈራችን አንድ ፌርማታ ቀድመው ነው። በጸሎት ቤት ብቻ የሚታዘባቸው የለም፤ ከጸሎቱ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ቆመው የሚጸልዩትን ነው።

አንድ ጊዜ ወጣት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሰፈራችን መጥታ ነበር። እኔ በትምህርት ቤት ለወላጆች ዕብራይስጡን በአማርኛ የማስተረጉም ስለሆንሁ ለእሷም አስተረጎምሁላት። ልጅቷ በጣም አዝና፣ ይህ አለመቀመጥ በእግር ወደዚህ አገር ከመጡበት ከሱዳኑ መንገድ፣ ከዚያ ሁሉ መከራ የመጣ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አያ ጥላዬ በትዕግሥት ሰሟት፤ ቆመው ማለቴ ነው።

«ልጄ፣ በሱዳን መንገድማ ሁሉም ሰው ሲሄድ ነበር። ተቀመጥ ብሎ የሚጨቀጭቀኝ ያጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ስወለድም እንዲህ ነኝ፤ እናቴን ጠይቂ እንዳልልሽ ሞታለች» አሉና ሄዱ። ልጅቷ ብዕሯን እንደያዘች ቀረች።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ የልጅ ልጃቸውን ስታቭን ግን አያስቃትም። ስታቭ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ስትጨርስ በተደረገው ዝግጅት ላይ ስሟ ሳይጠራ ወጡ፤ ያን ቀን በተነሣው ፎቶ ላይ የሚታየው ወደ በሩ የሚሄድ ጀርባቸው ነው። ስለዚህ የሳይንስ ልቦለድ ጽፋ ከሦስቱ ተመራጮች አንዷ ስትሆን፣ ታሪኳንም ዓርብ ዕለት መሀል ከተማ በሚደረገው የሳይንስ ልቦለድ ወዳጆች ጉባኤ ላይ እንድታነብ ስትጠራ፣ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። እናቷ ሐጊት ዓርብ ዓርብ በአረጋውያን መኖሪያ ተረኛ ናት፤ ሥራዋን መተው አትችልም።

«አበቡ፣ ሳባን አንቺ ነሽ የምታመጪው» አለችኝ። ሳባ የምትለው አያቷን ነው። «አምጥተሽም ታስቀምጪዋለሽ። እስከ መጨረሻው። መጨረሻውን መስማት አለበት።»

እሺ አልሁ። ሰው እሺ ሲል የሚያደርገውን አያውቅም።

ንባቧ በስድስት ሰዓት፣ እኩለ ቀን ላይ ነበር። የክረምት ዓርብ አጭር ነው፤ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው የመጨረሻው አውቶቡስ ስምንት ተኩል ላይ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ ሰንበት ነው። እኔ ይህን አስቤ ለአራት ተኩል ተቀጣጠርን። አያ ጥላዬ ግን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በሬን አንኳኩ፤ ወንዶች ለሰንበት የሚለብሱትን ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። እኔም ተጣድፌ ያገኘሁትን ጫማ አደረግሁ። ተረከዙ ረጅም ነው፤ ለመቀመጥ የተሠራ ጫማ ነው።

ከኪካሩ፣ ከዋናው አደባባይ፣ ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ ያለው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። እንደ ልቦለዱ ፍጡር ፊቱን አረንጓዴ የቀባ አለ፣ ክንፍ ያወጣች አለች፣ የእንጨት ሰይፍ የታጠቀ አለ። አያ ጥላዬ አንዱንም አልተገረሙበትም። «ፑሪም ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሰው ሁሉ ጭምብል የሚለብስበትን በዓል ማለታቸው ነው፤ አይደለም ስላቸው «ይሁን» አሉና ጉዞ ጀመሩ።

እዚያ ቤት በአንድ ሰዓት ውስጥ በስድስት ክፍል ስድስት ጉዳይ ይነገራል። ለማይቀመጥ ሰው ይህ ሠርግና ምላሽ ነው። ስለ ማርስ አፈር ከሚያወራው ሰው ዘንድ ገባን፣ «እንሂድ»። ስለ ማሽን አእምሮ ወደሚከራከሩት ገባን፣ «እንሂድ»። መጽሐፍ ከሚሸጡት፣ ካርታ ከሚሥሉት፣ ፎቅ ወጥተን፣ ፎቅ ወርደን። አምስት ሰዓት ላይ እኔ እግሬ አልቆ ነበር፤ እሳቸው የሕንፃውን በር ሁሉ ከጥበቃው በተሻለ ያውቁታል።

ወዳጅም አበጁ። ዬዲዲያ የሚባል የሒሳብ መምህር ነው፤ ከካርቶን ሣጥን የተሠራ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ የሮቦት ልብስ ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ለምን አትቀመጥም?» አሉት አያ ጥላዬ በዕብራይስጣቸው።

«ሣጥኑ አያስቀምጠኝም። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜአለሁ» አለ።

አያ ጥላዬ ሣጥኑን በአክብሮት ዳሰሱት። ወደ እኔ ዞረው «እንዲህ ያለ ልብስ እያለ ያን ሁሉ ዘመን ምክንያት ስፈልግ ኖርሁ» አሉኝ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በተጻፈው በላይኛው አዳራሽ በር ቆምሁ። ሰዓቱ አለፈ፣ ስታቭ የለችም። አያ ጥላዬ ደግሞ ጠፍተዋል። ሩብ ሰዓት አልፎ ከደረጃው ሥር ብቅ አሉ።

«አንቺ የምትጠብቂው በር ይሄ አይደለም። ልጅቷ ምድር ቤት ናት» አሉኝ።

ለካ ክፍሉ ተቀይሯል፤ ማስታወቂያውን የለጠፈ የለም። ምድር ቤት ወርደን፣ በአንድ ጠባብ ኮሪደር ዘልቀን ስንገባ አርባ ወንበር ተደርድሮ አምስት ሰው ተቀምጦበታል። ሁለቱ የሌሎቹ አንባቢዎች እናቶች ናቸው። አስተናጋጇ ትንሽ እንጠብቅ ትላለች፤ የሚመጣ ግን የለም። ስታቭ ወረቀቷን ጠቅልላ ጥግ ላይ ቆማለች፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«ሳባ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አለች።

እኔ ይህን ቃል ከእሳቸው በቀር ከሌላ ሰው ስሰማው ደነገጥሁ። አያ ጥላዬም የደነገጡ መሰለኝ። አዩዋት፣ ወንበሮቹን አዩ፣ «ቆዪ» አሏትና ራሳቸው ወጥተው ሄዱ።

ስታቭ ወደ በሩ እያየች «ሄደ» አለች።  እኔም በሆዴ ደጃዝማቹን ረገምኋቸው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ደረጃው መንጋጋት ጀመረ። መጀመሪያ የገባው ዬዲዲያ ነው፣ በጎን ዞሮ፣ ሣጥኑ በሩን እየፋቀ። ከኋላው ባለ ክንፏ፣ አረንጓዴው ሰውዬ፣ የማርስ አፈሩ ተናጋሪ ራሱ፣ አድማጮቹን አስከትሎ። ከሁሉም ኋላ አያ ጥላዬ፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ከብት ወደ በረት እንደሚያስገባ ሰው፣ «ያላ፣ ያላ፣ እንሂድ፣ እዚያ ላይ የሚረባ የለም» እያሉ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስቱንም ክፍል አዳርሰዋል። ወንበሩ ሞላ፣ ወለሉም ሞላ። ለእሳቸው ያስቀመጥሁትን ወንበር አንዲት ቀንዳም ሴት ወሰደችው፤ ሊከራከሯት ሐሳብም አልነበራቸው።

ሁለቱ ልጆች አነበቡ፣ ሰባት ሰዓትም አለፈ፤ ከዚያ ስታቭ ተነሣች። ታሪኩ በዕብራይስጥ ነው። ሦስት ትውልድ የሚፈጅ መንገድ የሚሄድ መርከብ አለ። መሀል ላይ የተወለደች አንዲት ልጅ የተነሡበትን አገር አላየችም፣ የሚደርሱበትንም አታይም። ሥራዋ መጨረሻ ላይ የሚከፈተውን ትልቅ በር መጥረግ ነው። እኔ ሱዳንን ያቋረጥሁት ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ በሰው ትከሻ ነው፤ አገሩንም መንገዱንም በወሬ ነው የማውቀው። 

በዚህ መካከል ኮሪደሩ ላይ የሰይፍ ትምህርት ተጀመረ። እንጨት ከእንጨት ይጋጫል፣ ይጮኻሉ። በሩ ደግሞ መያዣው ተሰብሯል፤ ገጠም ይልና መልሶ ይከፈታል፣ ጫጫታው ይገባል፣ ስታቭ ትደናቀፋለች። አያ ጥላዬ ወጡ። በበሩ መስታወት አየኋቸው። በሩን ከውጭ ገፍተው ዘጉት፣ ጀርባቸውን አስደገፉበት፣ ሰይፈኞቹን በጣታቸው ዝም አሰኟቸው። የመጣውን ሁሉ በዓይናቸው እየመለሱ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆሙ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የስታቭ ድምፅ ብቻ ነበር።

ጭብጨባው ረጅም ነበር። ጥያቄው ደግሞ ከጭብጨባው ረዘመ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ ስምንት ተኩል ይሆናል፣ ያልፋል። ስንወጣ አውቶቡስ አልነበረም።

በእግራችን መንገድ ጀመርን፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬድ መንገድ ነው። ሱቁ እየተዘጋ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሰው ሁሉ ሰንበት እንዳይቀድመው ይሮጣል። ስታቭ አያቷን ለመድረስ ሁለት ጊዜ ሮጠች።

«ሳባ፣ መጨረሻውን ወደድከው?»

«ጥሩ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ጥሩ ነው ብቻ?»

«በጣም ጥሩ ነው። ቶሎ ቶሎ በሉ።»

ልጅቷ ወደ ኋላ ቀረች፤ እስከ ቤት ድረስም ከኋላችን ሄደች። ብሎካችን ስንደርስ የሰንበት ሻማ ሊበራ ደቂቃዎች ቀርተውት ነበር። በሰንበት ሰላምታ «ሻባት ሻሎም» ብላን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። አያ ጥላዬ የሚኖሩት ከታች ነው፤ ግን አልገቡም።

«አበቡ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መጨረሻው ምንድን ነው? በሩ ወፍራም ነው፤ ምንም አልሰማሁም።»

«ለምን አልነገሯትም?»

«ያን ያህል ሰው ሰምቶ እኔ አልሰማሁም ልበላት?»

ቆመን እንነጋገር ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን መንቀሳቀስ ጀመሩ። ስለዚህ በዚያ ጫማ ብሎኩን እየዞርሁ ነገርኋቸው። ልጅቷ አረጀች። እንደማትደርስ ገባት። አንድ ቀን ወደ በሩ ሄደች፣ ሰው ሊከፍተው ሲል መዳፉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ስሟን ቀረጸች። በታሪኩ ሁሉ ስሟ አልተነገረም ነበር። ስታቭ እዚህ ስትደርስ አላነበበችውም፤ ወረቀቷን ከፍ አድርጋ ለሰው አሳየችው። በአማርኛ አራት ፊደል ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ማታ ማታ ቤቴ እየመጣች አጻጻፉን አሳይቻታለሁ፤ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር።

«ማን ይላል?» አሉኝ።

«አገኘሽ።»

አገኘሽ ሚስታቸው ናቸው። ካረፉ ስድስት ዓመታቸው።

አያ ጥላዬ እርምጃቸውን አፍጥነው አንድ ዙር ጨረሱ። ከዚያ «ጻፊልኝ እስቲ» አሉ፤ ወዲያው ግን ሰማዩን አይተው «ለካ ሰንበት ገብቷል» አሉ። በሰንበት መጻፍ አይቻልም። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ያለው ስታቭ ዘንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው።

«ምን ልበላት?»

«በሩን ይዤልሽ ነበር ይበሏት። እውነት ነው።»

ደረጃውን ሲወጡ ሰማኋቸው፤ መሀል ላይ አላረፉም። በር ተንኳኳ፣ ተከፈተ፣ የስታቭ ድምፅ ተሰማ፣ ተዘጋ። እኔ ጫማዬን አውልቄ መግቢያው ላይ ባለው ግንብ ተቀመጥሁ። ማንም ጠብቂኝ አላለኝም። አሁን ይወርዳሉ፣ ከዚህ በላይ አይቆዩም፣ አብሬያቸው አንድ ዙር እሄዳለሁ ብዬ ነው። ሐጊት ከሥራዋ በእግሯ መጥታ አልፋኝ ወጣች። የጎረቤቱ ዝማሬ ተጀምሮ አለቀ። እግሬ በረደኝ።

አልወረዱም።