ውሃ ወይስ መብራት

የትዳር ፈተና አማት ናት የሚሉ ሰዎች ደሞዝ ዘግይቶባቸው አያውቅም ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ትዳር የሚፈተነው የውሃና የመብራት ሂሳብ አብረው ደጅ ሲቆሙና ኪስ ለአንዱ ብቻ ሲበቃ ነው ባይ ነኝ።

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ሁሉ ነገር አዲስ ነበር። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ የበሩ ቀለም ገና ልብስ ይነካል። በጀቱ ብቻ የድሮ ጠባዩን አልተወም፤ መንገድ ላይ ነው እየተባለ ሁለተኛ ወሩን ያዘ። የትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም። እኔ ከጎሬ የመጣሁ መምህር፣ ባለቤቴ ትርሲት የክሊኒክ ነርስ፤ ሁለታችንም የመንግሥት፣ ሁለታችንም ባዶ እጅ። ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር በተከራየናት ቤት ጥርስ ያላወጣች ልጅም ነበረችን።

ትርሲት የውሃው ይከፈል አለች፤ የልጅቷ ጨርቅ በምን ይታጠባል? እኔ ለመብራቱ ቆምኩ። በዚያ ሙቀት ቬንትሌተሩ ከጠፋ ልጅቷ እንዴት ትተኛለች? እንቅልፍ የሚያጣው ማን እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ደግሞስ ባሮን የሚያህል ወንዝ አጠገባችን በነጻ እየፈሰሰ ለውሃ ገንዘብ መክፈል ምን ይሉታል ብዬ ረዘም ያለ ንግግር አደረግኩ። ንግግር ሙያዬ ስለሆነ አሸነፍኩ።

በሳምንቱ የውሃ ቢሮው ሠራተኛ ኦጁሉ መጣ። እሁድ እሁድ በቸርች መዘምራን መሐል ድምፁ የሚለይ፣ ትልቅ ሰው ነው። «መምህር፣ እኔ አልጠላህም፤ ቢሮ ነው የላከኝ» አለና ቆጣሪውን ፈቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎት ወጣ። እኔም እስከ በር ሸኘሁት። ውሃውን የቆረጠበትን ሰው የሚሸኝ ከእኔ ሌላ ይኖር ይሆን?

ትርሲት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ጀሪካን እግሬ ስር አስቀምጣ፣ «ነጻ ነው ያልከው አንተ ነህ፤ ሂድ ቅዳ» አለችኝ።

ከኒውላንድ እስከ ባሮ ያሉት ተማሪዎቼ በሙሉ የዚያን ዕለት መንገድ ላይ ነበሩ። አንዱም ሰላም ሳይለኝ አላለፈም። ወንዙ ዳር ስደርስ ደግሞ የባሮ አዞ ትዝ አለኝ። አዞ እንግዳ ሰው ይመርጣል ያለኝ ባይኖርም ጠርጥሬያለሁ። ጫማዬን አውልቄ፣ አንድ እግሬን አስገብቼ፣ መልሼ አውጥቼ ስቆም አጠገቤ የሚቀዳ ሰው ሳቀ። ኦጁሉ ነበር፣ ከነጀሪካኑ።

«አንተም?» አልኩት።

«የእኔም ደሞዝ የለም። የቤቴን ውሃ ራሴ ቆረጥኩ።»

ማን አዘዘህ ስለው፣ «የሰው ሁሉ ቆርጬ የእኔን ብተው ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ሚስትህስ አልኩ። ጀሪካኑን ወንዙ ውስጥ ደፈቀ። «እሷ ቢሮ አታውቅም፤ እኔን ነው የምታውቀው። አታናግረኝም።» የእኔንም ሁለቱንም ጀሪካን ቀዳልኝ፤ ከዚያ ትዳር የሚባለውን ነገር እያማን አብረን ዳገቱን ወጣን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክሙ ቀለለኝ።

ደሞዙ በመጨረሻ ከመንገዱ ደረሰ። የውሃውን ሂሳብ ከነቅጣቱ ከፈልኩ፤ ኦጁሉም ቆጣሪውን ይዞ መጣ። የማን ቤት ቀድሞ ተቀጠለ ስለው፣ «የሚስቴ» ብሎ ፈገግ አለ። ታርቀዋል። ትርሲት ልጅቷን አቅፋ ልታይ ወጣች፤ እኔም እንደ መራቂ ባለሥልጣን ጉሮሮዬን ጠርጌ ቧንቧውን ከፈትኩት።

ቧንቧው አየር ተነፈሰ፣ ዝገት የመሰለ ጠብታ ተፋ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ኦጁሉ ጆሮውን ቱቦው ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠ። ቀና ብሎም ከእኔ ይልቅ ትርሲትን እያየ፣ በሐዘን ድምፅ እንዲህ አለ፦

«የውሃው ሞተር ቆሟል። ቢሯችን የመብራት አልከፈለም።»