ካውያ የማይነኩት ልብስ ሰፊ

መጀመሪያ መቀሱን ያስቀምጣሉ፤ አፉን ወደ ግድግዳ አዙረው። ቀጥሎ ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው ይጠቀልላሉ። የግራ መዳፋቸውን ወደ ላይ ይገለብጡና የቀኙን ሁለት ጣት አንጓው ላይ ያሳርፋሉ። አውራ ጣት አይነካም፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጥራሉ። ደንበኛው በስፒል የተያያዘ ሱሪ ውስጥ አንድ እግሩን እንደከተተ፣ እንደ ሐይቅ ዳሩ ወፍ እንደ አባ ኮዳ በአንድ እግሩ ቆሞ ይጠብቃል።

«ስልሳ ስምንት!» ይላሉ ጋሼ ሕዝቅያስ፣ መንገድ የሚሻገር ሰው እስኪሰማ። ሜትሩ ወደ አንገት፣ መቀሱ ወደ እጅ ይመለሳል።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፦ ከሞት የተመለሰ፣ መመለሱን ግን ማንም ሊያሳምነው ያልቻለ። ለእኛ ለመሃል ከተማ ነጋዴዎች የደረሱን ክቡር ጋሼ ሕዝቅያስ ናቸው። እኔ አልአዛር ከጎናቸው ማራገቢያና ካውያ እጠግናለሁ። የሚለየን አንድ የቺፕውድ ግድግዳ ነው። በቀን አርባ ጊዜ የልባቸውን ቁጥር እሰማለሁ፤ የራሴን አንድ ቀን ቆጥሬ አላውቅም።

ነገሩ የዛሬ ዓመት በሠርግ ወቅት ጀመረ። የሚዜ ሱፍ እየተኮሱ ነበር። ላብ አጠመቃቸው፤ «የካውያው ሙቀት ነው» አሉ። ግራ ክንዳቸው ዛለ፤ «መቀስ ብዙ ስለያዝኩ ነው» አሉ። መቀስ የሚይዙት በቀኝ ነው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። እኔ ስደርስ ካውያው ሱፉ ላይ ተኝቶ ይጨስ ነበር። እዮኤል የሚባል ባለባጃጅ መብራት ሳይጠብቅ ሆስፒታል አደረሰን፤ ሐኪሞች የተዘጋውን የልብ ደም ሥር ከፈቱላቸው። ዳኑ።

ዳኑና ጠያቂ መጣ። ጠያቂ ብርቱካን ይዞ ይገባል፤ ይጸልያል፤ ከዚያ ያጽናናል። «አይዞዎት! የእኔ አማች ልክ እንደ እርስዎ ተርፎ፣ እየሳቀ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ... ተዉት፣ እግዚአብሔር ያውቃል።» ይህን ብሎ ያመጣውን ብርቱካን ራሱ ልጦ ይበላል።

በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰባኪው በቅንነት «እንደ ንጉሡ እንደ ሕዝቅያስ አሥራ አምስት ዓመት ተጨምሮልዎታል!» አሉ። ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። ጋሼ ሕዝቅያስ ቤታቸው ገብተው ካላንደር አወጡ።

«ቅዳሜ ይውላል» አሉኝ ሰኞ ጠዋት።

«ምኑ?»

«የሚያልቅበት ቀን።»

ይህን ሁሉ ልቻለው። ካውያውን ግን አልቻልኩም። ክቡርነታቸው ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ፤ አይተኩሱም። ካውያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እኔ ጋ አምጥተው ጥለዋል። ሐይቅ ዳር ሆቴል የሚያስተናግደው ብሩክ አዲስ ሱሪውን አንስቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ከፍየል አፍ ነው የወጣው?» አላቸው።

«ልበሰውና ፀሐይ ላይ ቁም። ሰውነትህ ይተኩሰዋል።»

ደንበኛ መሸሽ ጀመረ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ መጥተው፣ «እንቅልፍ የለውም፤ መኪናውን ልሽጥ እያለ ነው» ብለው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። የሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና! ስለዚህ እኔ፣ በኤሌክትሪክ ሙያ የተመረቅሁ ሰው፣ የሰው ሱሪ መተኮስ ጀመርኩ። እየተኮስኩም በቺፕውዱ በኩል እቆጣ ነበር፦ «ድነዋል እኮ! ለምን አይተዉትም?»

አንድ ቀን እርጥብ ሱፍ ላይ ካውያ ስፈትሽ ሽታው ወደ እሳቸው አለፈ። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ቁጥር አልተጠራም። ዞሬ ስገባ ጋሼ ሕዝቅያስ መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጠዋል፤ ሁለት ጣታቸው አንጓቸው ላይ ነው።

«አልአዛር፣ እየጨሰ ነው» አሉኝ። «እኔ እኮ እዚያው ነኝ።»

በማግሥቱ ራሴ ለክትትል ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሶልያና የምትባል ነርስ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

«ልብዎ ደህና ነው፤ ያልዳነው ድንጋጤው ነው» አለች። «ከልብ ሕመም በኋላ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ሕክምና አለው።»

«አብደዋል ማለትሽ ነው፣ ልጄ?»

«ኧረ በፍጹም! ደንግጠዋል ማለቴ ነው። ሰውነትዎ አደጋው ማለፉን ገና አልሰማም።»

አፈርኩ። ብልሽቱ ተጠግኖ ማስጠንቀቂያው መጮኹን ያላቆመ ስንት ዕቃ እጄ ላይ አልፏል። አንዱንም «ተው» ብዬ ተቆጥቼው አላውቅም።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ የምክር አገልግሎት አላቸው። የቤት ሥራም ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያው ያልተሰካ ካውያ አጠገብ አምስት ደቂቃ መቆም ነበር።

«ሰማንያ አራት!» ብለው ጮኹ።

«አልተሰካም እኮ፣ ጋሼ!»

«አንተ የጠገንከውን ማን ያምናል?»

እንዲህ እያልን ወራት ሄዱ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ጠዋት ሱቅ ከፈትን፣ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ፤ ከቺፕውዱ ወዲያ ቁጥር የለም። ዓመት ሙሉ ያማረረኝ ድምፅ ሲጠፋ ጆሮዬ ጭው አለ። የያዝኩትን መበየጃ ወርውሬ፣ ወንበር ገልብጬ ሮጥኩ።

ጋሼ ሕዝቅያስ ቆመዋል። የተሰካ ካውያ ይዘው፣ ግንባራቸው በላብ ርሶ፣ አንዲት መሐረብ እየተኮሱ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ካውያውን በወጉ አቆሙና እጄን ለቀም አድርገው ሁለት ጣታቸውን አንጓዬ ላይ አሳረፉ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ አቆሙኝ።

«መቶ አሥራ ስድስት!» አሉ። «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? በል ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ። ውሃ ቀዱልኝ።

ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው ስላቸው አልተቆጡም፤ መሐረቧን አራት አድርገው አጠፉ።

«እንግዲያው ለሚያነቡት ሁሉ አደራ በልልኝ» አሉ። «በሱቄ ሲያልፉ ‹ልብዎ እንዴት ነው?› አይበሉኝ። እንደ ድሮው በሩ ላይ ቆመው፣ ተቆጥተው፣ ‹ሱሪዬ እስካሁን አልደረሰም ወይ?› ይበሉኝ።»