ሁለቱ ሙሚናዎችና አስራ ሰባት አሃዝ

ረጅም ቁጥር ሲያዩ አያምኑም? እኔ አምን ነበር። አስራ ሰባት አሃዝ የተደረደረበት ወረቀት የሚሳሳት አይመስልም።

መቻራ ውስጥ ሙሚና አህመድ የሚባሉ ሁለት ሴቶች አሉ፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች። ሳል ጸናባቸውና በአንድ ቀን አክታ ሰጡ። ናሙናው ለምርመራ ጭሮ ከተማ ወዳለው ላቦራቶሪ መጣ። ስም እንዳይምታታ ተብሎ ለእያንዳንዷ ቁጥር ተሰጥቷል፤ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ቀን፣ መጨረሻ ላይ የሰው ተራ። የአንዷ በሦስት ያልቃል፣ የሌላዋ በአራት።

ውጤቱ ከኮምፒውተር ሲወጣ የሁለቱም ቁጥር በአራት አለቀ። አንዷ ቲቢ አለባት፣ አንዷ ነጻ ናት። የትኛዋ? አንደኛዋ ሙሚና የሦስት ወር ልጅ ታጠባለች። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ አስቴር ውጤቱን አልልክም ብላ ፕሮግራሙን የጻፈውን ገመቹን አስጠራች።

ገመቹ አየና ስህተቱን አወቀው። የተጠቀመበት የፕሮግራም ቋንቋ በተለመደው የቁጥር ዓይነቱ እስከ አስራ አምስት አሃዝ ያለ ስጋት ይይዛል። ከዚያ ሲረዝም ጫፉን እያጠጋጋ ያልፋል። ሦስቱን አራት ያደረገው ይኸው ነው። ለትልልቅ ሙሉ ቁጥሮች ሌላ ዓይነት አለው፤ የፈለገውን ያህል ቢረዝም አንድ አሃዝ አይጥልም። ግን ካላዘዙት አይጠቀምበትም።

«እና ሲያቅተው አቃተኝ አይልም?» አለች አስቴር።

«አይልም፣ ሲስተር።»

«እንደ አለቆቻችን በለኛ!»

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን አይደለም። ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ዞኑን አልነካም፣ ወረዳውንም አልነካም። የጠፋችው ሴትዮዋ ናት።

ገመቹ ፕሮግራሙን አስተካከለ፤ ያለፉትንም ውጤቶች አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ሙሚናዎቹ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ተንገላተው ጭሮ ድረስ መጡና እንደገና አክታ ሰጡ። የምታጠባው ነጻ ሆነች። ሌላዋ መድኃኒት ጀመረች።

አስቴር ይቅርታ ስትጠይቃቸው የምታጠባው ሙሚና ግራ ገባት። «ወላሂ ሲስተር፣ እኛ መንደር ማንም ተምታቶበት አያውቅም። እኔ የላይ ሰፈር ሙሚና ነኝ፣ እሷ የወንዝ ዳር።»

ቁጥሩ አሁን በትክክል ይሠራል። አስቴር ግን ከመቻራ የሚመጣ ናሙና ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ የሰፈር ስም ካልተጻፈበት አትቀበልም። ገመቹ ይህ ከአሠራሩ ውጭ ነው ሊላት አፉን ከፈተ፤ ክዳኑ ላይ «ሙሚና፣ የወንዝ ዳር» የሚለውን አነበበ፤ ናሙናውን አንስቶ አቀበላት።