የኢንጂነር አብዱልጀሊል የወርቅ ሞተር

«ከወለቃ ማዶ ወርቅ ይታፈሳል አሉ፣
እም... እምምም... እምም... ሁሉ።»

ዘፈኑን ከዚህ በላይ አያውቀውም። ሁለተኛው ስንኝ ከልጅነቱ ጋር የሆነ ሰርግ ቤት ወድቆ ቀርቷል፤ የተረፈችው መጨረሻዋ «ሁሉ» ብቻ ናት። ሚስቱ መርዋ ግን በዚያች ጎደሎ ዘፈን የባሏን ሆድ ታነባለች። በቀስታ ሲያንጎራጉር ሐሳብ ይዞታል። ፈጠን ሲያደርገው መዶሻ እየፈለገ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ከለቀቀው ደግሞ ከቤቱ ዕቃ አንዱ ሊፈርስ ነውና ሮጣ ትወጣለች።

ገበያ የሌለው ከተማ ይኖር ይሆናል። አስፋልት የሌለው ሞልቷል። «ለምን ይገዛል፣ እጅ እያለ» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ ግን አላህ ገና አልፈጠረም። በአቀስታም አለ፣ በኩታበርም አለ፣ ወረኢሉ ላይማ ሁለት ናቸው ይባላል፤ አይነጋገሩም። የመካነ ሰላሙ ክቡር ኢንጂነር አብዱልጀሊል ይባላል። የኢንጂነርነቱን ማዕረግ የሰጠው ዩኒቨርሲቲ አይደለም። የሰጠው ጎረቤቱ አራጋው ነው፣ ባለ ብየዳ ቤቱ፤ የሰጠበትም ምክንያት አድናቆት አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በዲሹ ነው። ኢንጂነር አብዱልጀሊል ከአሮጌ ጃንጥላና ከቸኮሌት ወረቀት የቴሌቪዥን ዲሽ ሠራ። ዲሹም ሠራ፤ ማለት አንድ ጣቢያ ያዘ፤ እሱም የማን እንደሆነ ያልታወቀ አገር የአየር ትንበያ ብቻ ነበር። ያን ክረምት ሙሉ ቤተሰቡ የዚያን አገር ሰማይ ሲከታተል ከረመ። ካርታው ላይ ደመና ሲመጣ አብዱልጀሊል እጁን ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰላቸው» ይላል። ድርቅ የገባባቸው ሳምንት ምሳ አልበላም ነበር።

ቀጥሎ የእንቁላል ማስፈልፈያው መጣ፤ ካርቶን፣ አምፖልና ብዙ ተስፋ። ከእንቁላሎቹ አንዱ ብቻ ተፈለፈለ። ጫጩቱ ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው አምፖሉን ስለነበር እናቴ ናት ብሎ ያዘ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሙት ልጅ ለቅሶ ያለቅሳል። መንደሩ ሁሉ መብራት መጥፋቱን የሚያውቀው በሱ ነው። አራጋው የብየዳ ማሽኑ ድንገት ዝም ሲል «ቆይ፣ ጫጩቱን እንስማና እንወስን» ይላል።

አሁን ግን የመጣው ሐሳብ ከዲሹም ከጫጩቱም ይከፋል። አብዱልጀሊል በስልኩ ላይ ፈረንጆች ወንዝ ውስጥ ቆመው በሞተር አሸዋ ሲመጥጡ አየ። ሞተሩ ውሃውን ከነጠጠሩ በቱቦ ይስባል፣ በተንጣለለ ሳጥን ላይ ያፈስሰዋል፤ ቀላሉ አሸዋ ይሄዳል፣ ከባዱ ወርቅ ከሳጥኑ ምንጣፍ ላይ ይቀራል። ዋጋውን ደሴ ላለ አንድ ነጋዴ ደውሎ ጠየቀ። ስልኩን ዘግቶ ጥቂት ከሳቀ በኋላ ማንጎራጎር ጀመረ። መርዋ ከጓዳ ሰማችው። ፈጠን ያለው ዓይነት ነበር።

«የፈርሂያ አባት፣ ደግሞ ምን አሰብክ?»

«ለምን ይገዛል፣ እጅ እያለ።»

መርዋ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን አልሳቀችም፤ የነገሩን ሥር ታውቀዋለችና። ብቸኛ ልጃቸው ፈርሂያ ጅዳ በሰው ቤት ሥራ ላይ ናት። ኮንትራቷ ሊያልቅ ነው። ባለፈው ስትደውል «ሁለት ዓመት ልጨምር እንዴ? መጥቼስ ምን እሠራለሁ?» ብላ ጠየቀች። አክስቶቿ ጨምሪ አሏት። አጎቷም ጨምሪ አላት። መርዋ ምላሷ ላይ የመጣውን ቃል ዋጠችው። አብዱልጀሊል ብቻ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ገበያ መሀል እንደቆመ ሰው ጮክ ብሎ፣ «አትፈርሚ። መላ አለኝ» አላት። መላው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ እሱም አያውቅም ነበር። አሁን አወቀው፤ ወለቃ ወንዝ ውስጥ ነው። ማስረጃው ምንድን ነው ቢሉት፣ ዘፈኑ ነው። «ሰው ያላየውን አይዘፍንም» ይላል፤ ለፈርሂያም ይህንኑ ደውሎ ነግሯታል።

ሞተሩን ወረኢሉ ካለ ገበሬ በአንድ ሙክት ለወጠው፤ ሽንኩርት ሲያጠጣ ኖሮ የደከመ የውሃ መሳቢያ ነው። ሚኒባስ ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦት መጣ። ረዳቱ «ይሄ ሒሳብ አለው፣ ወንበር ይዟል» ሲለው፣ ነጠላውን አልብሶት «ታቅፌዋለሁ፣ ሕፃን አይከፍልም» አለ። ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሎ እስከ መካነ ሰላም ተከራከረ።

ከዚያ በኋላ የግቢው ዕቃ መሰደድ ጀመረ። የሽንት ቤቱ ቆርቆሮ በር የሳጥኑ ወለል ሆነ፤ የቆርቆሮው ሽንሽን ወርቁን ያግታል ተባለ። የአሮጌ ሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ የመምጠጫ አፍ ሆነ። ቢጫ ጀሪካኖች ከየጓዳው ወጥተው ተንሳፋፊ እግር ሆኑለት። ሽንት ቤቱ ላይ ለጊዜው ማዳበሪያ ተንጠለጠለ፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሰው ክብር አብሮ ይነሣ ነበር።

የቀረው ምንጣፉ ነው። መርዋ ይህን ስትሰማ ፈርሂያ ከጅዳ የላከችላትን ቀይ ስጋጃ ጠቅልላ ከልብስ ሣጥኗ ውስጥ ደበቀችው። ጧት ተነሥታ ሣጥኑን ከፈተች፤ ስጋጃው እንዳለ ነው። ደጅ ስትወጣ ግን የአብዱልጀሊል ባና፣ ያ ለአቀስታ ብርድ የተሠራ የበግ ጠጉር ልብሱ፣ በወርቅ ማጠቢያው ሳጥን ልክ ተቆራርጦ ተነጥፏል።  ከዚያን ቀን ጀምሮ የሷን ጋቢ ለሁለት ለበሱት።

ሙከራው ግቢ ውስጥ በበርሜል ሆነ። አራጋው ሊያይ መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

«ክቡር ኢንጂነር፣ የመምጠጫው አፍ የቱ ነው?»

«ይሄ።»

«የሚተፋውስ?»

አብዱልጀሊል መልሱን ሳይጨርስ ሞተሩ ተነሣ። ቱቦዎቹ ተገላብጠው ኖሮ የበርሜሉ ውሃ በሙሉ አራጋው ላይ ወረደ። አራጋው ፊቱን በእጁ ጠረገ፣ ኮፍያውን ጨመቀ።

«ወላሂ» አለ፣ «ጥምቀት ገና መስሎኝ ነበር።»

«ይሠራል ማለት ነው» አለ አብዱልጀሊል።

አራጋው እንደዚያ ይሳለቅ እንጂ ጀሪካኖቹን ያሠረበትን ብረት በነፃ የበየደው እሱ ነው፤ የበር ጫፍ ከሚያስጌጥበት ወርቃማ ቀለምም ከጣሳው ሥር የተረፈችውን ሰጠው። አብዱልጀሊል በዚያች ቀለም ከሳጥኑ ራስጌ ባለው ጀሪካን ላይ በትልልቅ ፊደል «ፈርሂያ» ብሎ ጻፈ። ያም የመርከቧ ስም መሆኑ ነው።

ከአራጋው ጋር በአህያ ጭነው ወደ ወለቃ ወረዱ። መርዋም ስንቅ ይዛ ተከተለች፤ ሁለት ጎልማሳ ወንዶችን ከውሃ ዳር ብቻቸውን አልተውም ብላ ነው። ቆላው ሙቀት ሲቀበላቸው አብዱልጀሊል ድምፁን ለቀቀው። «ከወለቃ ማዶ ወርቅ ይታፈሳል አሉ፣ እምም...» ወንዙ ዳር ሽንኩርታቸውን የሚኮተኩቱ አንዲት አሮጊት፣ እማማ ቦጋለች የሚባሉ፣ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ምነው ቤቱን ሳትመታው ተውከው?»

«ያውቁታል እንዴ?»

«እንዴት አላውቀውም! በኛ ጊዜ የተገጠመ አይደል» አሉና መኮትኮቻቸውን ተደግፈው በቀጭን ድምፅ ጨረሱለት፦

«ከወለቃ ማዶ ወርቅ ይታፈሳል አሉ፣
ገበያ ስትወርድ ቆመው ያዩዋት ሁሉ።»

አራጋው አህያዋን ለቀቃት። «ሴት ናት» አለ። «ይሄ ሁሉ ሽንት ቤት የፈረሰው ለሴትዮ ነው።»

«ቆንጆ ነበረች» አሉ እማማ ቦጋለች። «ጥርሷ ትንሽ ገባ ያለ ነው እንጂ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ አህያዋን ያዞር ነበር።  አብዱልጀሊል ግን «እማማ፣ በከንቱ ወርቅ አይሏትም፤ አገሩ ወርቅ ቢያውቅ ነው» አለና ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ።

መርዋ ስንቁን ከጥላ ሥር አስቀመጠች። «እህል ቅመስ መጀመሪያ» ብትለው «ወርቁ ይቅደም» አላት። ሞተሩ ሳል አለው፤ ሳል፣ ሳል፣ ከዚያ እንደ ተቆጣ በሬ ጮኸ። ጭስ ማውጫው ጠጠሩን ጎረሰ። ሳጥኑ ላይ ደፍራሽ ውሃ እየዘለለ፣ ጀሪካኖቹን እየደበደበ፣ ወደ ወንዙ ይመለስ ጀመር። ሠራ። በእውነት ሠራ። እማማ ቦጋለች ሳይቀሩ ሥራቸውን ትተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መርዋ የባሏን ፊት አየች፤ ሊያገባት ሽማግሌ የላከ ሰሞን የነበረው ፊት ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሞተሩን አጥፍተው ባናውን አነሡት። በውሃ በተሞላ ገበቴ ውስጥ ቀስ አድርገው አለቀለቁት። አሸዋው ሲሰክን ከሥሩ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ።  አብዱልጀሊል በጣቱ ጫፍ አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አቀረበው፤ ስስ፣ ቢጫ፣ የሚያብለጨልጭ። «ቢስሚላህ» አለ በሹክሹክታ። 

አራጋው ተጠግቶ አየ። አሸተተ። በጥፍሩ ፋቀው። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ጀሪካኑን ተመለከተ። መርዋም ዓይኑን ተከትላ ተመለከተች። ውሃው ቀኑን ሙሉ ሲደበድበው የዋለው ጀሪካን ላይ «ፈ» የለችም። «ር» ግማሽ ናት። የቀረው «ሂያ» ብቻ ነው፣ እሱም እየተላጠ።

«አብዱ» አለ አራጋው። ኢንጂነር አላለውም። «ቀለሜ ነው።»

አብዱልጀሊል ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ አጠበ። አልተቆጣም፣ አልተከራከረም። ዕቃውን ሲፈቱ፣ አህያዋን ሲጭኑ፣ ያንን ዳገት ሁሉ ሲወጡ አንድም ጊዜ አላንጎራጎረም። መርዋ በዚህ ሁሉ ዘመን ስትመኘው የኖረችው ዝምታ ይኸውና መጣላት፤ እንዲህ የሚያስፈራ መሆኑን ግን አላወቀችም ነበር። የፈለገውን በር ያፍርስ፣ ብቻ እምም ይበል አለች በልቧ።

ኔትወርክ የሚገኘው አፋፉ ላይ ሲደርሱ ነው። ላባቸውን ሳይጠርጉ ስልኩ ጮኸ። ፈርሂያ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም አባ። ወርቁስ?»

አብዱልጀሊል አራጋውን አየ። አራጋው አህያዋን አየ።

«ቀለም ነው ያገኘሁት» አለ።

«የምን ቀለም?»

«ስምሽን የጻፍኩበት።»

 ከስልኩ አንድ ድምፅ ወጣ፤ መርዋ መጀመሪያ ልቅሶ መስሏት ደንግጣ ተጠጋች። ሳቅ ነበር። ከሄደች ወዲህ ሰምታው የማታውቀው፣ የልጅነት፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሳቅ።

አብዱልጀሊል እስክትጨርስ ጠበቀ። «ልጄ» አለ፣ «ወርቅ የለም። መላ አለኝ ብዬሽ ነበር፣ የለኝም። ፈርሚ።»

«አልፈርምም፤ ለአሠሪዬ ለማዳም ትናንት ነግሬያታለሁ። ትኬቱን እየጨረስን ነው።»

«ያለ ወርቅ?»

«አባ፣ እኔ እኮ የጃንጥላውን ዲሽ ያየሁ ልጅ ነኝ። ወርቅ ታገኛለህ ብዬ መሰለህ?»

«ታዲያ ምን ብለሽ?»

 

«አትፈርሚ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ።»

መርዋ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ስልኩን ከባሏ ወሰደች። የዋጠችው ቃል እዚያው ጉሮሮዋ ውስጥ ነበር፣ እንዳለ፤ አንዲት ቃል ናት።

«ነይ» አለች። «ነይ ልጄ።»

አራጋው አህያዋን ወደ ሣሩ ነዳት፤ ዓይኑን አቧራ እንደገባው ሰው ያሻል። መርዋ አፋፉ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ስንቁን ፈታች፤ በበርበሬና በቅቤ የታሸ የገብስ ጭብጦ ነው። አብዱልጀሊል ከጧት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ መሆኑ ትዝ ያለው አሁን ነው መሰል፣ መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። ጭቃው ደርቆ ሱሪው ይንኮሻኮሻል። ከታች ወለቃ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እንደ ጎረምሳ በላ። በላ፣ በላ፣ መሀል ላይ ማኘኩን አቆመና አህያዋ ላይ የተጫነውን ሞተርና ቆርቆሮ ትክ ብሎ ተመለከታቸው። መርዋ ያን አመለካከት ታውቀዋለች።

«የፈርሂያ እናት» አለ፣ «ልጅቷ እኮ ጅዳ ሙቅ ውሃ ለምዳ ነው የምትመጣው። ይሄን ቆርቆሮ ጥቁር ቀለም ብንቀባውና ፀሐይ ላይ...»

መርዋ ትልቁን ጭብጦ መርጣ አጎረሰችው።