የካርቲየ 5 የእርዳታ ጥሪ ወደ ማን ይሂድ?

የኢትዮጵያውያን የእርዳታ ስልክ ኮሚቴ ዓርብ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ በተባለው አካባቢ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ተሰብስቧል። ስብሰባው ለ10 ሰዓት ተጠርቶ ሊቀመንበሩ ሲደርሱ በ11 ሰዓት ተጀምሯል።

የተገኙ፦ አቶ ባንቲሁን (ሊቀመንበር)፣ አቶ ዓብዱሰመድ (ምክትል)፣ ወ/ሮ አልጋነሽ (አባል)፣ ፍራኦል (የሰርቨር ባለሙያ)፣ ሁዳ (ጸሐፊ)። ተጋባዥ፦ ትግስት፣ በካርቲየ 5 ሰፈር የቤት ሠራተኛ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ወንበር ስላልተሟላ ተጋባዧ ቆማለች።

አጀንዳ 1፦ በትግስት ላይ ስለደረሰው

ትግስት እንዳስረዳችው አሠሪዎቿ ቆልፈውባት በሄዱበት ትርፍ አንጀቷን አመማት። ወደ እርዳታ ስልኩ ደጋግማ ብትደውልም የሚያነሳ አልነበረም። «ጩኸቴን ሰምታ በሩን ያሰበረችልኝ ሶማሌዋ ጎረቤት ናት» ብላለች።

አቶ ባንቲሁን ድሬዳዋ ሠርግ ላይ እንደነበሩና የጅቡቲ ሲም ካርዳቸውን አውጥተው እንደነበር ገለጹ። ትግስት በሕይወት በመገኘቷም ኮሚቴውን አመሰገኑ።

አጀንዳ 2፦ ሦስት ተረኞች እያሉ ጥሪው ለምን ወደ አንድ ሰው ብቻ ሄደ?

ፍራኦል ጥሪዎችን የሚያከፋፍሉትን ሰርቨሮች የሚያዋቅረው ፕሮግራም ፋይሎችን በደረጃ እንደሚያነብ አስረዳ። መጀመሪያ የመላ ከተማውን፣ ቀጥሎ የየሰፈሩን ያነባል። በከተማው ፋይል የሦስቱ ተረኞች ቁጥር አለ። በካርቲየ 5 ፋይል ግን በሊቀመንበሩ ትእዛዝ የእሳቸው ብቻ ገብቷል። ፕሮግራሙ «አዋሕድ» ካልተባለ ደግሞ የሰፈሩ የከተማውን ይሽራል። ለምን «አዋሕድ» እንዳላለው ሲጠየቅ «አልታዘዝኩም» ብሏል።

አቶ ዓብዱሰመድ ቁጥሮቹ እንዲዋሐዱ ሐሳብ አቀረቡ። የሦስቱን ተረኞችና የሊቀመንበሩን፣ አራቱን አስከትሎ በመጻፍ አንድ ረጅም ቁጥር ማድረግ እንደሚቻልም አብራሩ። ፍራኦል እንዲህ ያለው ቁጥር የትም እንደማይጠራ ተናገረ። አቶ ዓብዱሰመድ ይህ የወጣት ንቀት መሆኑ እንዲመዘገብ ጠየቁ። ተመዝግቧል።

ወ/ሮ አልጋነሽ «በየተራ ይጥሩ፤ አንዱ ካላነሳ ወደሚቀጥለው ይለፍ» አሉ። ማን አንደኛ ይሁን በሚለው ላይ በሁለቱ አመራሮች መካከል የተጀመረው የሐሳብ ልውውጥ ከአማርኛ ወደ ሶማልኛ ተሻግሯል። ጸሐፊዋ ሶማልኛ ብታውቅም አልመዘገበችውም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቁጥሮቹ በወ/ሮ አልጋነሽ ሐሳብ መሠረት እንዲዋሐዱ ተወሰነ። ፍራኦል እዚያው አስተካከለ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

አቶ ባንቲሁን ከፋይሎች ሁሉ በላይ የሆነ «የሊቀመንበር ፋይል» እንዲፈጠር ጠየቁ። ፍራኦል «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሁሉንም ይሽራል» ሲላቸው «እንዲሽር አይደል የፈለግኩት?» አሉ። ውሉን የሚያድሱለት እሳቸው መሆናቸውን ካስታወሱት በኋላ ፍራኦል ለድጋፍ እጁን አወጣ። በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ጸደቀ። በዚህም መሠረት በአጀንዳ 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ከዛሬ ጀምሮ በካርቲየ 5 ብቻ ሳይሆን በመላው ከተማ ጥሪው ወደ ሊቀመንበሩ ብቻ ይሄዳል።

ትግስት ስልኳን አውጥታ እዚያው የእርዳታ ቁጥሩን ደወለች። የሚጮህ ስልክ አልተሰማም። አቶ ባንቲሁን ስብሰባ ላይ ስልክ መዝጋት የአመራር ሥነ ሥርዓት መሆኑን አስረዱ።

«ጋሽ ባንቲሁን፣ እኔስ ጎረቤት ደረሰችልኝ። ዋራበሌ ሰፈር ብቻዋን የተቆለፈባትስ?» ብላ ትግስት ጠየቀች። ወ/ሮ አልጋነሽ ተነስተው «ነይ ልጄ፣ የእኔን ቁጥር ያዢ። ለጓደኞችሽም ስጪ» ብለው ይዘዋት ወጡ።

ስብሰባው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲያበቃ፣ ከትግስት መደወል ጀምሮ የተጻፈው እንዲሰረዝ አመራሩ ወስኗል። ጸሐፊዋም ውሳኔውን ከተጻፈው ሥር በታማኝነት አስፍራለች።